በባሌ ተራሮች ለሚደረግ የቡድን የእግር ጉዞ፦ ከዱር እንስሳት ለሚመጣ ችግር እንዴት መዘጋጀት ይገባል?

ክረምቱ አልፎ የኅዳር ፀሐይ የሳነቴን አምባ ማድረቅ ሲጀምር ከሮቤና ከጎባ፣ ከአዲስ አበባም ጭምር፣ ሻንጣቸውን አዝለው ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚወጡ ቡድኖች ይበዛሉ። ተማሪዎች፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ የሰፈር ወጣቶችና የውጭ አገር ጎብኚዎች ይገኙባቸዋል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ወዲህ ስሙ ይበልጥ ተሰምቷል።

ለጉዞው የሚሰናዱ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ «አንበሳ አለ ወይ?» ብለው ነው። አለ። በሐረና ደን ውስጥ አንበሳም፣ ነብርም፣ ተኩላም ይኖራሉ። ይሁን እንጂ በባሌ ደጋ የእግረኛን ጉዞ የሚያበላሸው፣ አልፎም ሕይወት ሊያስከፍል የሚችለው ነገር ሌላ ነው፤ የውሻ ንክሻ፣ በድንኳን አጠገብ የተጣለ የበግ አንጀት፣ ጠባቂ የሌለው ፈረስ፣ በፍልፈል የተቦረቦረ መሬት። ጉዳቱም በእግረኛው ላይ ብቻ አይቀርም። ቡድኑ ድንኳኑን ነቅሎ ሲሄድ ጅቡና ከርከሮው እዚያው ይቀራሉና፣ የተላላነቱን ዕዳ የሚከፍለው በአቅራቢያው ያለው አርቢና ገበሬ ነው።

አገሩና እንስሳቱ

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም የተቋቋመ ሲሆን 2,200 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ጽሕፈት ቤቱ ከሮቤ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዲንሾ ይገኛል። ከዲንሾ የሚነሳው የታወቀው የእግር መንገድ በሶዶታ አድርጎ የወይብን ሸለቆ ይዞ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፤ ራፉን፣ ገርባ ጉራቻ ሐይቅንና ወርጎናን እንደ ቡድኑ አቅምና እንደ ቀኑ ብዛት ያካትታል። ከጎባ በሳነቴ አድርጎ ወደ ደሎ መና የሚወርደው የመኪና መንገድ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያልፋል። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱም ከዚሁ መንገድ ብዙም አይርቅም።

እንስሳቱ እንደ ከፍታው ይለያያሉ። በዲንሾና በጋይሳይ ሣር ላይ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ በብዛት ይታያሉ፤ በጥድና በኮሶ ጥላ ሥር የምኒልክ ድኩላ አለ። በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ያሉት አጋዘኖችና ከርከሮዎች ሰው ከመልመዳቸው የተነሳ ሌሊት ድንኳን ድረስ መጥተው ሣር ይግጣሉ። ይህ ልማድ ሰውን ያዘናጋል። ከርከሮ በጥርሱ ሥጋ ይሰነጥቃል፤ ግልገል ያላት እናትም ሰው ሲጠጋት አትታገሥም። ፎቶ ለማንሳት ብሎ ወደ እንስሳው መጠጋት፣ መንገዱን መዝጋት ወይም ዳቦ መወርወር የችግሩ መጀመሪያ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ማንም የማይፈራው ፍልፈል ነው። በዓለም ላይ በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል የወይብን ሸለቆና የሳነቴን አምባ ከሥር ቦርቡሮ ይኖራል። ከላይ ሣር የለበሰ ጽኑ መሬት የሚመስለው ቦታ ሲረገጥ ይከዳል፤ እግር እስከ ቅልጥም ይሰጥማል። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ሰው በዚያ ከፍታ ከመኪና መንገድ የአንድ ቀን ጉዞ ርቆ ሊገኝ ይችላል። ጭነት የተሸከመ ፈረስ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እግሩ ይሰበራል። ስለዚህ ፈረሶች ከሄዱበት ዱካ አለመውጣት፣ ቁርጭምጭሚትን አጥብቆ የሚይዝ ጫማ ማድረግ፣ በትር መያዝ፣ ከመሸ በኋላም ፈጽሞ አለመጓዝ ያስፈልጋል። በሜዳው ላይ ፈረስ ማስጋለብ ለሚያምራቸው ወጣቶች መልሱ አጭር ነው፤ አይሆንም።

ሮቤ ላይ የሚጠናቀቅ ዝግጅት

የዱር እንስሳትን ችግር የሚከላከለው ዝግጅት ተራራው ላይ ሳይሆን ከተማ ውስጥ ያልቃል። ቡድኑ በሚወጣበት ሳምንት ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ወይም ሮቤ የሚገኝ ጤና ተቋም ደውሎ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በዚያ ሰሞን መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ይኖርበታል። በየጤና ጣቢያው ይገኛል ብሎ መገመት አደገኛ ነው። ከቡድኑ አንድ ሰው መልሱን በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ ስልክ በየሸለቆው ይሠራል ብሎ ማሰብ አይገባምና።

ከመድኃኒት ሣጥኑ ውስጥ የማይቀረው ነገር ሳሙና ነው። በጣም ተራ ነገር ስለሚመስል ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እርሱ ነው። ከሳሙናው ጋር አዮዲን፣ ንጹሕ ፋሻ፣ ሰፊ ላስቲክ ፋሻ፣ ለንብ ቁጣ የሚሆን በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ይጨመራል። እያንዳንዱ ሰው የራሱ የግንባር ባትሪና ፊሽካ ይኑረው። የአሥር ሰው ቡድን ሁለት ባትሪ ይዞ ቢወጣ፣ ሌሊት ለመጸዳዳት የሚነሳው ሰው በጨለማ መሄዱ አይቀርም።

ከዲንሾ የአካባቢው አስጎብኚ ይያዛል፤ ፈረስም እዚያው ይከራያል። እዚህ ላይ ብዙ ቡድኖች የሚዘሉት አንድ ውል አለ። ሌሊት ፈረሶቹን የሚጠብቀው ማነው? ጅብ ቢበላቸው ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል? የኪራዩ ዋጋ ሲነገር ይህም አብሮ ተነግሮ፣ በአስጎብኚው ፊት በወረቀት ላይ ቢሰፍር ሁለቱንም ወገን ከክርክር ያድናል። ለዲንሾ ባለፈረስ ፈረሱ እግሩም፣ የገበያ ቀን ጉልበቱም ነው። ተራራ ላይ በጅብ የተበላ ፈረስ ዋጋ ከኪራዩ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ከመነሳት በፊት የጉዞው መስመር፣ የሚታደርባቸው ቦታዎችና የመመለሻው ቀን በጽሕፈት ቤቱ መመዝገብ አለባቸው። በቡድኑ ውስጥም ምግቡን የሚቆጣጠር፣ ማታ ሰው የሚቆጥር፣ ሰው ቢጎዳ አብሮ የሚመለስ ተብሎ አስቀድሞ ሥራ መከፋፈል ይገባል። አንድ ፈረስ ያለ ጭነት ወይም በቀላል ጭነት ቢሄድ ለተጎዳ ሰው ይውላል።

ምግብ፣ ድንኳንና ጅብ

ለሽርሽር ወጥቶ በግ አርዶ መብላት በእኛ ዘንድ የቆየ ደስታ ነው። በተራራው ላይ ግን ይህ ደስታ ጅብ ይጠራል። ደም የፈሰሰበት መሬት፣ የተጣለ ፈርስና አንጀት፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ሥጋ በሌሊት ጅብን፣ ተራ ቀበሮንና የእረኞችን ውሻ በአንድነት ወደ ድንኳኑ ይስባል። በማግሥቱ ሌላ ቡድን እዚያው ቦታ ያድራል፤ በሦስተኛው ቀን እረኛው ጥጆቹን ይዞ በአቅራቢያው ይሰፍራል። ጅብ ያገኘበትን ቦታ አይረሳም። በግ ማረድ ያማረው ቡድን ከመውጣቱ በፊት ከተማ ውስጥ ይረድ፤ ወደ ተራራው ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሩዝ፣ ምስርና ሽሮ ይያዝ። ቋንጣ መያዝ ግድ ከሆነ ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ በርሜል ወይም ባልዲ ውስጥ ይቀመጥ። ፌስታል ሽታ አይከለክልም።

የሚበሰልበት ቦታ ከሚተኛበት ድንኳን ቢያንስ የሃምሳ እርምጃ ያህል ይራቅ፤ ነፋሱ ጭሱን ወደ ድንኳኖቹ በማይነዳበት በኩል ይሁን። ድስቱ ሌሊቱን ሳይታጠብ አይደር። ምግብ ይዞ ድንኳን ውስጥ መተኛት፣ ብስኩትም ቢሆን፣ መጥፎ ልማድ ነው። በአንጻሩ ጫማ፣ ቀበቶና ማንኛውም ከቆዳ የተሠራ ነገር ወደ ውስጥ ይግባ። ጅብ ቆዳ ያኝካል፤ ኮርቻና ጠፍርም አይቀሩትም። በሳነቴ ብርድ ጠዋት ተነስቶ አንድ እግር ጫማ ብቻ ማግኘት ለሚሰማው ያስቃል፤ ለባለጫማው ግን ጉዞው አበቃ ማለት ነው።

ጅብ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የተኛን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። አደጋ የሚደርሰው ሰማይ ለማየት ብሎ ውጭ በተኛ፣ ጠጥቶ በወደቀ፣ ወይም ልጅ ይዞ ድንኳኑን ክፍት ባደረገ ሰው ላይ ነው። ድንኳኖቹ ተቀራርበው ይተከሉ፣ በሮቻቸው ወደ መሐል ይዙሩ። ፈረሶቹ ከድንኳኖቹ ርቀው በጨለማ ከሚታሰሩ ይልቅ ሰው በሚሰማቸው ርቀት ቢታሰሩ ይሻላል፤ ጠባቂውም ተራ ይውጣለት። ፈረስ ሲያናፋና መሬት ሲደበድብ ባትሪ አብርቶ ሁለት ሦስት ሆኖ መውጣት፣ መጮህ፣ ፊሽካ መንፋት ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

እሳት እንስሳ ያባርራል ብለው ትልቅ ነዶ የሚያነዱ አሉ። በባሌ ይህ መፍትሔ ከችግሩ የከፋ ነው። የአስታው ቁጥቋጦ በበጋ እንደ ገለባ ይነዳል፤ በ1992 ዓ.ም በባሌ ደኖች ላይ የደረሰው ታላቅ ቃጠሎ በአካባቢው ሰው ዘንድ ገና አልተረሳም። ለማብሰያ ቡታጋዝ ይያዝ፤ ለመሞቂያ ወፍራም ልብስ ይያዝ፤ በበጋ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳልና።

ውሻና የእብድ ውሻ በሽታ

በወይብ ሸለቆና በአምባው ላይ የሚያገኙት ቀይ ቀበሮ ለሰው አያሰጋም። ምግቡ ፍልፈልና የአይጥ ዘር ነው። በኦሮምኛ «ጄዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ፣ የተባለውም የምትወልድ ባዝራን ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ስለሚጠብቅ ነው ይባላል። በመላው ኢትዮጵያ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ቢሆኑ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚገኙት በባሌ ነው። የሚያሰጋው ቀበሮውንም ሰውንም የሚገድለው በሽታ ነው፤ ይህም በሽታ ወደ ተራራው የሚወጣው በውሻ ነው።

ከብቶቻቸውን እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ የሚያዘዋውሩ አርቢዎች፣ በልማዳዊው የጎዳንቱ ሥርዓት፣ ጅብና ነብር የሚከላከሉ ውሾች ያስከትላሉ። ውሾቹ ሥራቸው መናከስ ነው። ስለዚህ ወደ ጎጆ የሚቀርብ ቡድን ሩቅ ቆሞ ድምፅ ማሰማት፣ ባለቤቱ ወጥቶ ውሾቹን እስኪይዝ መጠበቅ ይገባዋል። ውሻ ቢመጣ መሮጥ አይገባም፤ ቡድኑ ተጠጋግቶ ይቁም፣ በትሩን ወደ ፊት ይያዝ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ይበል። የአገሬው ውሻ ይህን ምልክት ያውቀዋል። በመንገድ ላይ የሚከተል ውሻን ምግብ መስጠት፣ ከከተማ የራስን ውሻ ይዞ መውጣትም፣ ሁለቱም የተከለከሉ ተደርገው ይወሰዱ።

በሽታው በተራራው ላይ ምን እንደሚያደርግ ታይቷል። በ1984 ዓ.ም ገደማ፣ ከዚያም በ1996 ዓ.ም የወይብን ሸለቆ ቀይ ቀበሮዎች መታ፤ በሁለተኛው ጊዜ በሸለቆው ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። በ2001 እና በ2007 ዓ.ም ደግሞ ተመልሶ መጣ። ለዚህ ነው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ለዓመታት የአርቢዎችን ውሾች ሲከትብ የቆየው፤ በ2010 ዓ.ም ማብቂያም ለቀበሮዎቹ በምግብ ውስጥ የሚሰጥ የአፍ ክትባት መጀመሩ ይታወሳል። ክትባቱን የሚሰጡ ሰዎች ወደ መንደሩ ሲመጡ ውሻውን የሚያቀርብ አርቢ ከብቱንም፣ ልጁንም፣ ቀበሮውንም ነው የሚጠብቀው፤ በሽታው ከብትንም ይገድላል።

ለእግረኛው ዋናው ጉዳይ ከንክሻ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ አይድንም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን በሚገባ ሊከለከል ይችላል። ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም፣ ጥርስ የቦጨረው ብቻ ቢሆንም፣ ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ መታጠብ አለበት። በሰዓት ይቆጠር፤ ሰው በድንጋጤ ሁለት ደቂቃውን አሥራ አምስት ያደርገዋል። ከታጠበ በኋላ አዮዲን ይቀባል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፤ ቁስሉን ለመዝጋት መስፋትም ሆነ አጥብቆ ማሰር አይገባም። ከዚያ የተነከሰው ሰው በዚያው ቀን መመለስ ይጀምራል። «ጉዞው ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶታል» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ቦታ የለውም። ቅጠል መጭመቅና ጠበል መጠጣትም ወደ ሐኪም መሄድን ሊያዘገዩ አይገባም፤ ጠበል መሄድ የሚፈልግ ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ።

ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሰዎች ድሮ ሆድ ላይ ለተከታታይ ቀናት ይወጋ የነበረውን መርፌ እያስታወሱ ይፈራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ዘመናዊ ክትባት ክንድ ላይ በጥቂት ዙሮች የሚሰጥ ነው። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ፊትና ራስ አካባቢ ከሆነ ሐኪሙ ከክትባቱ ጋር ሌላ መድኃኒት ሊጨምር ይችላል።

የነከሰውን ውሻ በንዴት መግደል የተለመደ ስህተት ነው። ባለቤቱ አስሮ ለ10 ቀን ይጠብቀው፤ ውሻው በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። ስለዚህ የባለቤቱን ስምና ያለበትን ስፍራ ማወቅ፣ ከእርሱም ጋር በሰላም መለያየት ያስፈልጋል። በጠብ የተለያዩት ሰው ስለ ውሻው ዜና አይልክም።

ያለ ምክንያት የሚናከስ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ የሚንገዳገድ፣ ሰው ሲያይ የማይሸሽ ቀበሮ ወይም ሌላ አውሬ ከታየ ፎቶ ለማንሳት እንኳ መቅረብ አይገባም። የቀይ ቀበሮ ግልገሎች የሚወለዱት ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ወራት፣ ማለትም በጉዞው ሰሞን ነው። ግልገል ወደሚታይበት ጉድጓድ የሚጠጋ ሰው እናቲቱን ያስሸሻታል፤ አስጎብኚው «እዚህ ቁሙ» ሲል መቆም ይገባል።

ወደ ሐረና ሲወረድ

ከሳነቴ ደቡባዊ ጠርዝ ወደ ሪራና ወደ ሐረና ደን የሚወርድ ቡድን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሌላ አገር ይገባል፤ ብርዱ ይቀራል፣ ቀርከሃውና ትልልቁ ዛፍ ይጀምራል። እዚህ የሚያስፈልገው ጥንቃቄም ይለወጣል። በደኑ ውስጥ በሌሊትና በማለዳ ጨለማ አይኬድም፤ ቡድኑ ተራርቆ አይጓዝም፤ ልጆች ከፊትም ከኋላም አይሆኑም። አንበሳ ወይም ነብር በድንገት ቢገጥም መሮጥ ራስን ታዳኝ ማድረግ ነው። ተጠጋግቶ መቆም፣ ፊትን ወደ እንስሳው አድርጎ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ማፈግፈግ፣ መውጫ መተው ይበጃል።

ዝንጀሮ ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ጊዜ ሙዝ የተወረወረለት ዝንጀሮ ሁለተኛውን ከእጅ ይነጥቃል። ከቡድኑ በኋላም ሰው ያለበት ቦታ ሁሉ ምግብ ያለበት ይመስለዋልና ወደ ማሳና ወደ ጓሮ ይወርዳል። ማሳውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ ሲጠብቅ የሚያድር ገበሬ ይህን ለማንም ማስረዳት አያሻውም። ቀርከሃ ውስጥ የሚኖረው የባሌ ጦጣ ግን ብርቅዬ ነው፤ ከሩቅ ቢያዩት ይበቃል።

በሐረና ገበሬዎች ከትልልቅ ዛፎች ላይ ቀፎ ይሰቅላሉ። ቀፎ ባለበት ዛፍ ሥር ማረፍ፣ ማብሰል፣ ድንጋይ መወርወር አይገባም፤ ጭስና የሽቶ ጠረን ንብ ያስቆጣል። ንብ ከተነሳ ቆሞ ማባረር ሳይሆን ፊትን ሸፍኖ በፍጥነት መራቅ ነው የሚያዋጣው። ከአንበሳው በተቃራኒ ከንብ መሮጥ ያስፈልጋል። ንክሻው ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሰው ካለ ከመነሻው ለቡድኑ ይንገር።

እባብ በአምባው ብርድ እምብዛም አያጋጥምም፤ በደኑ ግን አለ። በስሟ ሐረና የተባለች የእፉኝት ዝርያ በሳይንስ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እባብ የነደፈውን ሰው ቁስል መብጣት፣ መምጠጥ ወይም በገመድ ማነቅ ጉዳት ይጨምራል። ቀለበትና አምባር ይውለቅ፤ የተነደፈው አካል እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ይደገፍ፤ ሰውየው ራሱ ሳይራመድ በፈረስ ወይም በቃሬዛ ወደ መንገድ ይድረስ። ያለ ፈቃድ አውሬ መግደል በሕግ እንደሚያስጠይቅም መርሳት አይገባም። እባብ ነክሷልና ደኑን እየዞሩ እባብ መግደል ለሕክምናው የሚጨምረው ነገር የለም።

ሲመለሱ

ወደ ተራራው የወጣ ቆርቆሮ፣ ላስቲክና የምግብ ትርፍ ሁሉ ተመልሶ ይወርዳል። መቅበር አይበቃም፤ ጅብና ቀበሮ ቆፍረው ያወጡታል። በሳነቴ መንገድ በመኪና የሚመለሱ ቡድኖች ደግሞ ፍጥነታቸውን ይቀንሱ፤ ቀይ ቀበሮ መንገዱን በጠራራ ፀሐይም ያቋርጣል።

ዲንሾ ሲደረስ በጽሕፈት ቤቱ መመለስን ማስታወቅና ያዩትን መናገር ያስፈልጋል፤ ጅብ የመጣበት የማደሪያ ቦታ፣ የሚናከስ ውሻ፣ የታመመ አውሬ። የሞተ ቀይ ቀበሮ ያገኘ ቡድን በእጁ አይንካው፤ ውሾችም እንዳይቀርቡት ይከላከል፤ ቦታውንና ሰዓቱን ጽፎ በዚያው ቀን ለአስጎብኚው ወይም ለፓርኩ ጠባቂዎች ይንገር። ከሬሳው የሚወሰደው ናሙና በሽታው መግባት አለመግባቱን የሚያሳውቀው ገና ሳይበሰብስ ከተደረሰበት ነው።